ዌብሳይት ስንት ያወጣል? ለስንት አመት?

ትንሽ ቢዝነስ ያላቸው ሰዎች ሁሌ ሚጠይቁኝ «ዌብሳይት ማሰራት ስንት ያወጣል?» ብለው ነው። እኔ ደሞ «ለስንት አመት?» ብዬ ነው ምመልሰው፣ አንዳንዱ የቀለድኩ ይመስለዋል ግን ከምሬ ነው። ዌብሳይት እንደ ጠረጴዛ አንዴ ተገዝቶ ሚቀመጥ እቃ አይደለም። ሰሪው ሚነግራችሁ የመስሪያውን ዋጋ ነው፣ ከዛ በኋላ በየወሩና በየአመቱ ሚመጣውን ብዙ ሰው ሚያውቀው ክፈል ሚል ኢሜይል ሲደርሰው ነው። ስለዚ በጀቱን የ3 አመት አርጋችሁ ስሩት። የመጀመሪያው አመት በቅናሽ ስለተሸፈነ ይዋሻል፣ እውነቱ ሚታየው ሁለተኛው ላይ ነው፣ ሶስተኛው ላይ ደሞ ወይ ዲዛይኑ ወይ ሶፍትዌሩ ማርጀት ስለሚጀምር የሆነ ስራ መምጣቱ አይቀርም።

ከዶሜይን እንጀምር፣ ዶሜይን ማለት ሰው ዌብሳይታችሁን ለመክፈት ሚጽፈው አድራሻ ነው፣ በዶት ኮም ምናምን ሚያልቀው፣ በገንዘብ ትንሹ ነው ግን ጣጣው ትልቅ ነው። ዶሜይን አይገዛም፣ ይመዘገባል፣ ማለትም በየአመቱ ታድሳላችሁ (እንደ ዶት ኮም ያሉትን ቢበዛ ለ10 አመት አንዴ መክፈል ይቻላል)። ሻጮቹ የመጀመሪያውን አመት በጣም ያረክሱታል፣ የእድሳቱን ዋጋ ግን በትንሽ ፊደል ነው ሚጽፉት፣ እና ስታወዳድሩ ማወዳደር ያለባችሁ የእድሳቱን ነው። ማደስ ከረሳችሁ ደሞ መጀመሪያ በመደበኛው ዋጋ ምታድሱበት ትንሽ ጊዜ ይኖራል፣ እሱም በየሻጩ ይለያያል፣ ካለፈ በዶት ኮም ለምሳሌ 30 ቀን ሚቆይ የማስመለሻ ጊዜ አለ፣ እዛ ከገባ ማስመለሻው ከእድሳቱ ብዙ እጥፍ ነው፣ እሱም ካለፈ ከ5 ቀን በኋላ ስሙ ለማንም ክፍት ይሆናል። አውቶማቲክ እድሳት አብሩት፣ ካርዱ ላይ ብር መኖሩንም እዩ።

ከዋጋው በላይ ግን ማን ስም ላይ ነው የተመዘገበው ሚለው ነው ሚያሳስበኝ። ብዙ ጊዜ ሰሪው በራሱ አካውንት፣ በራሱ ኢሜይል ይመዘግበዋል፣ ተንኮል ስላለው ላይሆን ይችላል፣ ስለሚቀለው ነው። ከሰሪው ጋር የተለያያችሁ ቀን ግን የቢዝነሱ ስም፣ ኢሜይሉ፣ ጎግል ላይ ያለው ነገር ሁሉ ሰው እጅ ነው ያለው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አካውንቱን እራሳችሁ ክፈቱና ለሰሪው መግቢያ ስጡት፣ ግማሽ ሰአት አይፈጅም። ይሄን እምቢ ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ፣ እኔ እዚ ላይ ድርድር አላውቅም።

ሆስቲንግ ላይ፣ ማለትም ዌብሳይቱ ሚቀመጥበት ኮምፒውተር ኪራይ ላይ፣ ብዙ አልቆይም። ለትንሽ ቢዝነስ ርካሹ ሼርድ ሆስቲንግ (አንዱን ኮምፒውተር ብዙ ዌብሳይት ሚጋራው) አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፣ «አንሊሚትድ» (ገደብ የለውም) ሚለውን ግን እንዳታምኑ፣ ውሉ ውስጥ የፋይል ብዛትም የኮምፒውተሩ ጉልበት (ሲፒዩ) አጠቃቀምም ገደብ አለው። እዛም አብዛኛውን ጊዜ የ3 አመት አንዴ ስትከፍሉ ነው ያ የሚያምረው ዋጋ ሚገኘው። ኤስኤስኤል ሰርተፊኬት (በዌብሳይቱና በጎብኚው መሀል ሚያልፈውን መረጃ ሚቆልፈው) ለብቻው ሊሸጥላችሁ ሚሞክር ካለ ደሞ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፣ ሌትስ ኢንክሪፕት ሚባለው ድርጅት ከ2015 ጀምሮ በነጻ ነው ሚሰጠው፣ ብዙ ሆስቲንጎችም እራሳቸው ይጭኑታል ያድሱታልም። ለተራ የቢዝነስ ገጽ ከዛ በላይ አያስፈልግም።

ዎርድፕረስ፣ ብዙ ዌብሳይት ሚሰራበት ሶፍትዌር፣ ነጻ ነው ይባላል፣ እውነት ነው፣ ከ2003 ጀምሮ ነጻ ነው። ዙሪያውን ያለው ግን ሁሉም ነጻ አይደለም፣ ቴሙ (የገጹ መልክ)፣ የፎርም ፕለጊኑ (ፕለጊን ማለት ላዩ ላይ ሚጨመር ትንሽ ሶፍትዌር ነው)፣ የባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ፕለጊኑ፣ የቀጠሮ መያዣው፣ ሚከፈልበትን ከመረጣችሁ አብዛኛው የአመት ላይሰንስ (የፈቃድ ክፍያ) አለው እና አምስት ስድስት ሲሆን ከሆስቲንጉ ሊበልጥ ይችላል። ላይሰንሱ ሲያልቅ አብዛኛው ፕለጊን መስራቱን አያቆምም፣ አፕዴት ማግኘት ነው ሚያቆመው፣ አደጋውም እዛ ላይ ነው ምክንያቱም ምንም የተበላሸ ነገር አይታይም፣ አንድ ቀን ግን በዛ ባረጀ ፕለጊን ሰው ይገባና ዌብሳይቱ የቁማር ማስታወቂያ ማሳየት ይጀምራል። ማጽዳቱ ከላይሰንሱ በላይ ያስወጣል። ስለዚ ሰሪውን «የትኞቹ ፕለጊኖች ተገዝተዋል፣ በማን ስም፣ መቼ ያልቃሉ?» ብላችሁ ርክክብ ላይ በጽሁፍ ተቀበሉ።

ይሄ ሁሉ ጣጣ ካስጠላችሁ እንደ ዊክስ ያለው አለ፣ መስሪያውንም ሆስቲንጉንም አንድ ላይ ሚሰጥ፣ የወር ክፍያ ነው፣ አፕዴትና ሴኪውሪቲ እነሱ ይጨነቁበት። ለብዙ ሰው ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ዲቨሎፐሮች ይሄን ስል ይናደዱብኛል። ግን አንድ ቀን ልውጣ ብትሉ ዌብሳይቱን አንስታችሁ ሌላ ሆስቲንግ ላይ መትከል አይቻልም፣ ከዜሮ ነው ምትሰሩት፣ እሱንም ከወጪ ቁጠሩት።

አሁን በጀት ውስጥ ጭራሽ ማይገባው ነገር ላይ ልምጣ፣ ጽሁፍና ፎቶ። ሁሉም ሰው «እሱን እኛ እንሰጣለን» ይላል፣ ከዛ ዲዛይኑ አልቆ ጽሁፍ ሲጠበቅ ወራት ያልፋሉ፣ ወይም ሰሪው ከኢንተርኔት ባወረደው ሳቂታ ፈረንጅ ፎቶ ይሞላዋል። ገጹን ከፍቶ ለሚያይ ደንበኛ እኮ ዲዛይን ማለት ጽሁፉና ፎቶው ነው፣ ምን ትሰራላችሁ፣ ስንት ነው፣ እንዴት ነው ማገኛችሁ፣ በቃ። እኔ ብሆን በእጄ ካለው ገንዘብ ግማሹን ለመስሪያ፣ 20 ፐርሰንት ገደማ ለጽሁፍና ፎቶ፣ ቀሪውን ደሞ ሳልነካ ለመጀመሪያው አመት ማስተካከያና እድሳት አስቀምጠዋለሁ። ማስተካከያ ይኖራል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፣ ይኖራል፣ ገና በመጀመሪያው ወር «ይቺን ቁልፍ ወደዚ» ትላላችሁ።

ኦንላይን መሸጥ ከፈለጋችሁ ሌላ ሂሳብ አለ። የክፍያ ድርጅቱ ከእያንዳንዱ ሽያጭ በፐርሰንት ነው ሚቆርጠው፣ ሚቆርጠውም ከሽያጩ እንጂ ከትርፋችሁ አይደለም። ትርፋችሁ 15 ፐርሰንት ቢሆንና 3 ቢቆረጥ ከትርፉ አንድ አምስተኛው ሄደ ማለት ነው። ይሄን የመሸጫ ዋጋ ላይ አስቀድማችሁ ማስገባት አለባችሁ፣ ካልሆነ ብዙ በሸጣችሁ ቁጥር ትርፉ የት እንደሚሄድ ግራ ይገባችኋል።

ገንዘቡ ጭራሽ ካልበቃስ? እንግዲህ እኔ ምመክረው በራሳችሁ ስም ዶሜይን፣ በዶሜይኑ ኢሜይል፣ እና አንድ ገጽ ብቻ፣ ስልክ ላይ ቶሎ ሚከፍት። ጎግል ላይ የቢዝነስ ፕሮፋይል መክፈትም በነጻ ነው፣ ካርታ ላይም ትወጣላችሁ። ብሎግ፣ ቻት፣ ሚንቀሳቀስ ስላይድ ምናምን ይቆይ፣ ደንበኛ እየደወለ «ይሄስ አለ?» ብሎ ደጋግሞ ሚጠይቃችሁን ጻፉና ያዙ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ እሱን መልሱ።