አንድ ጎዝ ጎደለ

በተረኞች ዝርዝር ላይ ዛሬ ስክራብ ነርስ፣ ማለትም በቀዶ ሕክምና ጊዜ መሣሪያ አቀባይ ነርስ፣ ነበርኩ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አስነሺ ፈላጊ፣ ሲመለስ ደግሞ የመሣሪያ መቀቀያው አውቶክሌቭ እንደገና 121 ዲግሪ እስኪደርስ ጠባቂ ሆንኩ። የሰሜን ሸዋ ብርድ መቼም አይነገርም።

ከመንዝ የመጣች እናት በቀዶ ሕክምና ልትወልድ ገባች። እናቷ የበግ ጠጉር ባናቸውን ታቅፈው በር ላይ ቀሩ። ሕፃኑ አለቀሰ፤ ደስ አለን። ማሕፀኑ ሊዘጋ ሲል ግን ስንቆጥር አንድ ጎዝ፣ ደም መምጠጫ ጨርቅ፣ ጎደለ፤ ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል።

«ጎደለ» ማለት ቀላል ይመስላል። አምና ለሌላ ሐኪም ይህንኑ ብዬ «ዓይንሽ ነው፣ ደግመሽ ቁጠሪ» ተብያለሁ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል ስቆጥር እንኳ ድምፄ አይወጣም ነበር። የዛሬው ሐኪም መርፌውን አስቀምጦ «እንፈልገው እህቴ» አለኝ። ከሰመመን ባለሙያው ጫማ ሥር ተጣብቆ ተገኘ!

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽ ግድግዳችን ላይ ተለጥፏል። 19 ነጥቦች አሉት፤ ቆጠራው አንዱ ነው። ሲነገረው የሚሰማ ሐኪም ግን ከቅጹ ጋር አይመጣም።

ስወጣ እማማ «ልጄ ተረፈችልኝ?» አሉኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። «በርዶሻል» ብለው ባናውን ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ።