«ያ ወሬ ነው፤ ይሄ ጽሑፍ ነው»

የጀማሪዎች የጽሑፍ ቡድን መምራት ከጀመርኩ ወዲህ፣ ስለ ድርሰት ከተማርኩት ይልቅ ስለ ሰዓትና ስለ ወንበር የተማርኩት ይበልጣል። እየቀለድኩ አይደለም። ወንበሮቹ በረድፍ ከተደረደሩ ሰው ሁሉ ተማሪ ይሆናል። እኔን ያያል፣ እስክናገር ይጠብቃል። በክብ ሲቀመጡ ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። ስለዚህ ቀደም ብዬ እደርስና ወንበር እጎትታለሁ። ያለን 2 ሰዓት ነው። ከዚያ ውስጥ የእኔ ወሬ ከ20 ደቂቃ እንዳይበልጥ ለራሴ ሕግ አውጥቻለሁ። አንዳንዴ እጥሰዋለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ወሬ እወዳለሁ።

ሁሌም የምንጀምረው በነጻ ጽሑፍ ነው። 10 ደቂቃ ሙሉ እጅ አይቆምም፣ አይሰረዝም፣ ወደ ኋላ ተመልሶ አይነበብም። ሐሳብ የጠፋበት ሰው «የምጽፈው ጠፋኝ» እያለ ይጽፋል። ይህን ልምምድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የጽሑፍ መምህር ፒተር ኤልቦው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መጻፍና ማረም አንድ ላይ ከተጀመሩ አራሚው ያሸንፋል፣ ወረቀቱም ባዶ ይቀራል።

ርዕስ አሰጣጥ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብኝ። «ስለ ፍቅር ጻፉ» ካልኩ አለቀልኝ። «ፍቅር ማለት» ብሎ የሚጀምር ወረቀት ይቆለልብኛል። «አንኳኩታችሁ ያልተከፈተላችሁን በር ጻፉ» ስል ግን የበሩ ቀለም ይመጣል፣ የላላው እጀታ ይመጣል፣ ከውስጥ የሚሰማው ሳቅ ይመጣል። ፍቅሩም ብዙ ጊዜ እዚያው በር ላይ ቆሞ ይገኛል።

ዛሬ ጊዜያችንን የበላው «ነበር» ነው። በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት ሰውዬ፣ በልጅነታቸው የጠፉበትን ቀን በዕረፍት ሰዓት አጫውተውን ነበር። ሆዳችንን ይዘን ነው የሳቅነው። ያንኑ ታሪክ ጽፈው ሲያነቡት ግን እንዲህ ሆነ፦ «ዕለቱ ሰኞ ነበር። ሰማዩ ደመናማ ነበር። እኔም እጅግ ደስተኛ ነበርኩ።»

«ጋሼ፣ ቅድም ሲነግሩን እንዲህ አላሉም እኮ» አልኳቸው።

«ያ ወሬ ነው፤ ይሄ ጽሑፍ ነው» አሉኝ፣ ትንሽ ቆጣ ብለው።

ከጀማሪ ጋር ስሠራ ዋናው ሥራዬ ይሄ ይመስለኛል። ሰው የሚጽፈው አጥቶ አይመጣም። አንደበቱ ላይ ያለው ሕይወት ወረቀት ላይ ሲደርስ የክብር ልብስ ይለብስና መተንፈስ ያቅተዋል። ስለዚህ ታሪኩን እንደገና በቃል እንዲነግሩን ለመንኳቸው፤ ጎናቸው የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ ከአፋቸው የወጣውን ሳትቀይር ጻፈች። «ሮጥኩ፣ ሮጥኩ፣ ዞር ስል ማንም የለም። እናቴም የለች፣ መንገዱም የለ።» ሁለቱን ጽሑፎች ተራ በተራ አነበብናቸው። ማንም ምንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ጋሼ ራሳቸው ሳቁ።

«ነበር»ን እንደ ጠላት የሚያይ ጸሐፊ አለ፤ እኔ እንደዚያ አላካርረውም። ከዋናው ድርጊት በፊት የሆነውን ለማስቀመጥ ያስፈልጋል። ችግሩ ሁሉም ዓረፍተ ነገር በእሱ ሲዘጋ ነው። በአማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ጉልበቱም እዚያው ጫፍ ላይ ነው ያለው። ጫፉ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ጆሮ ይሰለቻል።

ከዚያ ደግሞ ያላሰብኩት ክርክር ተነሳ። አንዷ ወጣት አባቷ ተናደው ሬዲዮ የሰበሩበትን ምሽት ጽፋለች። «አባቴ ሬዲዮኑን አንስተው ግድግዳው ላይ ወረወሩት» ይላል። አንብባ ስትጨርስ «እሱ ብዬ ብጽፈው ድፍረት ይሆንብኛል? አንቱ እያልኩ ደግሞ ታሪኩ ራቀብኝ» አለች።

ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ልብ ወለድ ነው፣ ማን ይቆጣሻል» አላት። ሌላዋ «እቤት ውስጥ የማትይውን ወረቀት ላይ ካልሽ ውሸት ይሆናል» አለች። ጋሼም ገቡበት። «የእኔ ልጅ እሱ ብላ ብትጽፈኝ አኮርፋለሁ። ግን አነበዋለሁ።»

እኔ የጠየቅኳት ተራኪዋ ማን እንደሆነች ነው። ያኔ በር ሥር ቆማ ያየችው ትንሽ ልጅ ናት ወይስ ዛሬ አድጋ የምታስታውሰው? መልሱን ካገኘችው አንቱታውም ይገኛል። ለእኔ ግን «ወረወሩት» ይበልጥብኛል። እንዲህ ያለ ቁጣ በእንዲህ ያለ አክብሮት ሲነገር የቤቱ ፍርሃት በሙሉ እዚያች ግስ ውስጥ ይገባል። ይህን ነገርኳት። እሷ ግን አልተዋጠላትም፤ በሁለቱም መንገድ ጽፌ አየዋለሁ ብላለች። እንዲያውም ጥሩ።

የአስተያየት ሰዓቱን ሁልጊዜ አጥብቄ ነው የምይዘው። በአሜሪካው አይዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1936 የተመሠረተው የደራስያን ዎርክሾፕ ለብዙ የጽሑፍ ትምህርት ቤቶች አርአያ ሆኗል። እዚያ የታወቀው ሥርዓት ሌሎች ስለ ሥራው ሲወያዩ ጸሐፊው አፉን ዘግቶ እንዲያዳምጥ ነው። ረቂቁን ደጋግሞ ሠርቶ ለመጣ ሰው ሊጠቅም ይችላል። ከ10 ደቂቃ በፊት ለተጻፈ ነገር ግን ጭካኔ ነው። እኛ ጋ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ጆሯችሁ ላይ ምን ቀረ?» እያንዳንዱ ሰው የቀረችለትን ቃል ወይም ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ምንም ካልቀረለትም ዝም ይላል። ጸሐፊው የትኛው ቦታ እንደሠራለት ከዚያ ይረዳል፤ ያልሠራለትንም ከዝምታው ይገምታል።

ሌላው ሕግ «አንቺ» ወይም «አንተ» አለማለት ነው። «ተራኪዋ» እንላለን፣ ራሷ ላይ የደረሰ እንደሆነ ብናውቅም። አንዳንዴ ከባድ ሐዘን ይነበባል። ያኔ ምክር የሚያዘንብ ሰው ካለ አስቆማለሁ። የሰማነው ጽሑፍ ነው፤ ስለ ጽሑፉ እናወራለን። ማንበብ ያልፈለገም «ልለፍ» ብሎ ያልፋል፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ከማንበብ በፊት «ቸኩዬ ነው የጻፍኩት፣ ያን ያህልም አይደለም» ማለት ግን ክልክል ነው። ይቅርታ ከቀደመ ሰሚው ጥፋት ፍለጋ ነው የሚቀመጠው።

ፊደል አራሚ መቼም ከየቡድኑ አይጠፋም። የእኛው ዛሬም «‹አንስተው› የሚለው በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው» ሲል ሰማሁት፣ ልጅቷ ሬዲዮው ሲሰበር እያነበበች። ትክክል ነው፣ በንጉሡ ሠ ነው። ግን አሁን? ወረቀቱ ላይ በእርሳስ እንዲያሰምርላት ነግሬዋለሁ፤ ሁለተኛ ረቂቅ ላይ ስንደርስ እንዲያውም እንፈልገዋለን።

ለሳምንት ምልልስ ልንሠራ ነው፤ ሁለት ሰዎች የሚጣሉበትን ነገር ስሙን ሳይጠሩ የሚጨቃጨቁበት አንድ ገጽ። ጋሼ ግን ዕቅዱ ውስጥ የሉበትም። የጠፉበትን ቀን ታሪክ ሙሉውን ጽፈው ይዘው ሊመጡ ነው፣ «እንደ ወሬው» ብለውኛል። ስንት ገጽ እንደሚሆን ስጠይቃቸው «እሱን አትጠይቂኝ» አሉ። አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ለማንበብ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ሰዉ ደግሞ ብዙ ነው። ሰዓት የመያዙን ሥራ ለፊደል አራሚያችን ልሰጠው አስቤያለሁ። ጋሼን «ይበቃል» ለማለት የሚደፍር ሌላ ሰው የለንም።