ፒያሳ የገዛሁት የሊምፕ ቢዝኪት ሲዲ

ትናንት የድሮ ዕቃ ሳገላብጥ የአሜሪካው ሮክ ባንድ የሊምፕ ቢዝኪት ምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ሲዲ ተገኘ። ኦሪጅናል እንዳይመስላችሁ! ፒያሳ ከነበረች አንዲት ሙዚቃ ቤት የገዛሁት ኮፒ ነው። የባንዱ ስም በሰማያዊ ማርከር ተጽፎበታል፣ እሱም አንድ ፊደል ተዘሎ።

አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ 17 ዘፈን ነበረው፤ የኔው ግን 14ኛው ላይ ቀጥ ይላል። ለካ የተቆረጡብኝ ሦስቱ አዲሶቹ ዘፈኖች ናቸው! ይህን ያወቅኩት ከስንት ዓመት በኋላ ኢንተርኔት ላይ ሙሉውን ሳገኝ ነው። ሰምቼ ስጨርስ ግን ብዙም አልቆጨኝም፣ ለስለስ ያሉ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ይህን ባንድ የወደድኩት ለጩኸቱ ነው።

ዘፈኖቹ በወጡበት ዘመን ቅደም ተከተል ስለተደረደሩ ባንዱ ሲለወጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መጀመሪያ ላይ የጆርጅ ማይክልን ዘፈን ወስደው ብትንትኑን ያወጡታል፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ «ዘ ሁ» የተባለውን የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ዘፈን በቀስታ ያንጎራጉራሉ። የኔ ምርጫ መሃሉ ነው። ፍሬድ ደርስት ቀይ ኮፍያውን ደፍቶ ራፕ ሲያደርግ፣ ከኋላው የዌስ ቦርላንድ ጊታር ሲያጓራ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «አንተ ልጅ፣ ይሄን ሰውዬ ማን ነካብህ?» ትለኝ ነበር።

አሁን ሲዲ ማጫወቻ የለኝም። ያቺ ሙዚቃ ቤትም የለችም፣ ሰፈሩም ፈርሷል። ባለፈው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ ስወርድ በሯ የት ጋ እንደነበር እንኳ ጠፋኝ።