የኋላ ሰው

ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ምክንያት አትጠይቁኝ፤ ውርጩ ይሆናል። ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ሲገባ ሰው ሁሉ ጋቢውን አፍንጫው ድረስ ስቦ ስለሚሄድ ሰላምታው ራሱ በቅንድብ ነው። ከሰዓት በኋላ የእማዬን መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ የቆመው ጎረምሳ ጀርባ ላይ 6 ቁጥር አየሁ። ቀይና ጥቁር ማሊያ ነው፤ ከሹራቡ በላይ ደርቦታል፤ ስሙ ታጥቦ ታጥቦ ጠፍቷል። የሰልባጅ መሆን አለበት፤ የጣሊያኑ ክለብ ሚላን ያንን ቁጥር ለማንም መስጠት ካቆመ ቆይቷል። ልጁ ማንን እንደለበሰ ያውቅ ይሆን? ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት።

ፍራንኮ ባሬሲ፤ 6 ቁጥር ለብሶ የሚላንን ኋላ የሚጠብቅ ተከላካይ ነበር። እኛ ሰፈር ይህን ስም አስተካክሎ የሚጠራ ሰው አልነበረም። ወንዛችን በሬሳ፣ ሜዳችን በሬሳ ዳር፤ ስለዚህ ከኋላ የሚሰለፍ ልጅ ሁሉ «በሬሳ» ተባለ። እኔም በሬሳ ነበርኩ። በችሎታ ተመርጬ እንዳይመስላችሁ። ከኋላ የሚቆመው ወይ መሮጥ የማይወድ ነው፣ ወይ ወንድሙ አጥቂ የሆነበት ነው። እኔ ሁለቱንም አሟልቻለሁ። ታላቄ ኳስ ከያዘ ሜዳው ዳር የታሰረ ፈረስ ሳይቀር ቀና ብሎ ያየው ነበር፤ በኋላ አዲስ አበባ ያለ አንድ ቡድን መጥቶ ወሰደው። እኔን ያየኝ የለም።

ባሬሲዎችም ሁለት ናቸው። የዚያው ከተማ ሌላ ክለብ ኢንተር ታላቁን ጁዜፔን ተቀብሎ ታናሹን ሰውነቱ አነሰ ብሎ መለሰው። ሚላን አነሳው። መጀመሪያ አካባቢ «ሌላኛው ባሬሲ» ይሉት ነበር፤ ባሬሲ ማለት ታላቁ ነውና። ኋላ ሁለቱም አምበል ሆኑ፤ አንዱ የኢንተር፣ አንዱ የሚላን። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ስታዲየም፣ ሁለት ወንድማማች ከሁለት ወገን ቡድን እየመሩ ሲወጡ አስቡት። ይህን ያላዩት እናትና አባታቸው ብቻ ናቸው፤ ልጆቹ ገና ጎረምሳ ሳሉ ሁለቱም አርፈዋል።

በ1980 (የኳስ ዘመን የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ በእኛ ስቆጥር ይምታታብኛል) ሚላን በውርርድ ቅሌት ተቀጥቶ ወደ ሴሪ ቢ፣ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። በዓመቱ ተመለሰ። በ1982 ደግሞ ያለማንም ከሳሽ፣ በራሱ ድክመት እንደገና ወረደ። በዚያው ዓመት ጣሊያን ስፔን ውስጥ የተካሄደውን የዓለም ዋንጫ ወሰደች። ባሬሲ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ነበር፤ አንድም ደቂቃ ሳይሰለፍ የዓለም ሻምፒዮን ተብሎ አገሩ ገባ፣ ከዚያም ቀጥታ ሁለተኛ ዲቪዚዮን። 22 ዓመቱ ነው። የአምበልነቱን ጨርቅ ክንዱ ላይ ያሰሩለት ያን ጊዜ ነው።

ይህን ታሪክ የሚያወራ ሁሉ ታማኝነቱን ያደንቃል። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። እውነት ተቀምጦ፣ አስቦ፣ «አልሄድም» ብሎ ወሰነ? ወይስ አንድ ቀን ዘወር ሲል ሌላው ሁሉ ሄዶ እሱ ብቻ ቆሞ ራሱን አገኘው? እኔ እዚህ ቤት የቀረሁበትን ቀን ፈልጌ አጣሁት። መጀመሪያ እማዬ ዓይኗን እስክትታከም ነበር። ከዚያ ክረምቱ እስኪወጣ። ከዚያ የጓሮው ግንብ እስኪያልቅ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ታላቄ ከአዲስ አበባ አልፎ ባሕር ተሻገረ፣ ትንሿም ተከተለችው፤ እኔ አሁን በዘመድ አፍ «የቤቱ ምሰሶ» ነኝ። ምሰሶ መባል ደስ ይላል። ችግሩ ምሰሶ ሻይ ልጠጣ ብሎ ወጣ ማለት አይችልም። ታላቄ እሁድ እሁድ ሲደውል የመጀመሪያ ቃሉ «እቤት ነህ?» ነው። የት ልሆን ነው ጋሼ?

ሰውየው ግን ቆሞ የቀረ አልነበረም፤ ቦታውን ሥራ አደረገው። ቁመቱ አንድ ሜትር ከ76 ነው፤ ለመሀል ተከላካይ አጭር የሚባል። አሪጎ ሳኪ አሠልጣኝ ሆኖ ከመጣ በኋላ ታሶቲ፣ ኮስታኩርታ፣ ማልዲኒና እሱ አራት ሆነው አንድ ላይ ወደ ፊት ይወጣሉ፣ አጥቂው ከኋላቸው ብቻውን ይቀራል፣ ባሬሲ ክንዱን ያነሳል። ከጨዋታ ውጪ! የመስመር ዳኛው ባንዲራ ያወጣው አይቶ ይሁን ፈርቶ እኛ ሰፈር ብዙ ተከራክረንበታል። በ1989 እና በ1990 የአውሮፓን ዋንጫ አነሳ። በ1989 የወርቅ ኳስ ምርጫ ላይ ከቡድን ጓደኛው ከቫን ባስተን ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ፤ ለተከላካይ ሁለተኛም ብዙ ነው። በ1994 ሚላን አቴንስ ላይ ባርሴሎናን 4 ለ 0 ሲያደቅቅ አምበሉ ቅጣት ላይ ሆኖ ሜዳ አልገባም። ያለ እሱ አራት! ያን ምሽት ከልቡ ደስ ብሎት ይሆን? እንጃ። እኔ ብሆን ጥቂት ይከፋኝ ነበር።

የዚያን ዓመት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ግን በራሳችን አቆጣጠር ነው የማስታውሰው፤ ሐምሌ 10፣ 1986፣ ሌሊት፣ ዝናብ። ጎረቤት ቤት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበረች። ብራዚል ነጣ ያለው ነው፣ ጣሊያን ጠቆር ያለው። ምስሉ በተበጠሰ ቁጥር ታላቄ ማዳበሪያ ከረጢት ተከናንቦ ይወጣና የአንቴናውን እንጨት ያዞራል፤ እኛ ከውስጥ «ትንሽ መልስ! እዚያ ላይ ያዝ!» እንጮሃለን። የጨዋታውን ግማሽ ያየው በእኛ ጩኸት ነው።

ባሬሲ ከኖርዌይ ጋር ሲጫወት ጉልበቱ ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ከጉዳቱ በ24ኛው ቀን ነው ፍጻሜው ላይ የአምበል ጨርቁን ክንዱ ላይ አስሮ የገባው። ኮስታኩርታ በካርድ፣ ታሶቲ በክርን ምት ቅጣት ላይ ናቸው፤ ከድሮው አራት ከጎኑ ማልዲኒ ብቻ ቀርቷል። 34 ዓመቱ ነው። የብራዚልን አጥቂዎች ሮማሪዮንና ቤቤቶን 120 ደቂቃ አስራባቸው። መጨረሻ ላይ የእግሩ ጡንቻ ተሸማቅቆ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ተነስቶ እንደገና ሮጠ። 0 ለ 0 አለቀና መለያ ምት መጣ። የመጀመሪያውን ሊመታ የሄደው እሱ ነው። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ወደ ሰማይ ወጣች።

ዓለም እስከ ዛሬ የሚያወራው የጣሊያኑን አጥቂ የባጆን ነው። ባጆ የሳተው የመጨረሻውን ነው፤ አምበሉ ከሁሉም ቀድሞ ሄዶ፣ ከሁሉም ቀድሞ ስቷል። ቢያንስ ይህ እንኳ የኋላ ሰው አላደረገውም ልል ብፈልግም ተረሳለት፤ የተከላካይ ዕጣ ፈንታ ሆኖ ስህተቱ እንኳ በአጥቂ ተበለጠ። ከጨዋታው በኋላ እንደ ልጅ ሲያለቅስ ካሜራው አልለቀው አለ። እማዬ ያን ጊዜ በርኖሷን ደርባ፣ ኩራዝ ይዛ፣ «ሌሊቱ እኮ ነጋ!» ብላ ልትወስደን በር ላይ ቆማለች። ቴሌቪዥኑን ትንሽ አየችና «ምነው እናት የለውም? የሚያባብለው ይጥፋ?» አለች። ያኔ ማናችንም መልሱን አናውቅም ነበር። ታላቄ ከነረጠበ ከረጢቱ ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን።

ሰውየው ጫማውን የሰቀለው በ1997 ነው፤ 20 ዓመት በአንድ ክለብ፣ 719 ጨዋታ፣ ስድስት የሊግ ዋንጫ። ቁጥሩንም አብረው ሰቀሉለት። ክብር መሆኑ ገብቶኛል። ግን ቁጥሩን ሲሰቅሉ ያ ቦታ ላይ ሌላ የሚቆም ሰው እንደማያስፈልጋቸው አይደለም እኮ፤ በማግስቱ ሌላ ሰው ሌላ ቁጥር ለብሶ እዚያው ቆሟል። ያን ሌሊት በዝናቡ ውስጥ አንቴና ያዡ ታላቄ ነበር፣ እሳት ዳር የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ማን ገልብጦን ይሆን? እሱ ቢቀርስ ኖሮ፣ እኔ ባሕር ማዶ ሆኜ እሁድ እሁድ «እቤት ነህ?» እያልኩ እደውልለት ነበር?

ባለፈው የእድሩ ምርጫ ላይ ደግሞ ሊቀ መንበር ያደርጉኛል ብዬ ንግግር ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። «ሁልጊዜ እዚሁ ነው፣ የትም አይሄድም» ተብሎ በሙሉ ድምፅ የድንኳን መጋዘን ቁልፍ ተሰጠኝ። ባሬሲን በ22 ዓመቱ አምበል አደረጉት፤ እኔ ጸጉሬ ሸብቶ ሦስት ቁልፍ ተረከብኩ። አንዱ የምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም።