የክት ኪልት፣ የአዘቦት ኪልት

ሰላም ወዳጆች። ኪልት፣ የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱትን ባለ ሽንሽን የሱፍ ሽርጥ፣ መልበስ ከጀመርኩ ዓመት ሞላኝ። ምን ተማርክ ለምትሉኝ፣ ከነስህተቴ ይኸው።

የመጀመሪያውን ኪልት የለበስኩት እንደ ጂንስ ነበር። ዳሌዬ ላይ አስሬ። እዚህ ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ፣ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ሊያገባ ሲል ከሚዜዎቹ አንዱ አደረገኝ። «ሁላችንም ኪልት ነው የምንለብሰው» አለ። ሙሉ ልብስ ከኪራይ ቤት መጣልኝ። መመሪያ ወረቀትም ነበረው፣ አላነበብኩትም። ሰው ልብስ ለመልበስ መመሪያ ያነባል እንዴ?

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የሙሽራው አባት ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ጫፉ ባቴ መሃል ደርሷል። ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ልጄ፣ ይሄ ሱሪ አይደለም» አሉኝ። ዘለበቶቹን ፈቱ፣ ኪልቱን እስከ እምብርቴ ሳቡት፣ አጠበቁት። ትንፋሽ አጠረኝ። ጫፉ ግን ልክ ጉልበቴ ላይ አረፈ። መስታወት ውስጥ ሌላ ሰው ቆሟል። ወገብ ላይ የጠበቀ ወፍራም ሱፍ መጉበጥ አይፈቅድም።

ከዚያ ወዲህ ልክፍት ሆነብኝ።

ፎቶውን ለእማዬ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። «ምነው ልጄ፣ ቀሚስ ያስለብሱሃል?» «እማዬ፣ አፋር ወንዱ ሽርጥ ይለብስ የለ?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ሽንሽኑ ግን ያምራል፣ ማነው የተኮሰው?» አለችኝ። እማዬ እንዲህ ናት። የማትወደው ልብስ ላይ እንኳ የእጅ ሥራውን ታያለች።

እውነትም ሥራው ሽንሽኑ ላይ ነው። ደህና ኪልት ስምንት ያርድ ያህል ሱፍ ይፈጃል፣ ሰባት ሜትር ከምናምን። ከፊት ሁለት ለጥ ያሉ ገጾች ይደራረባሉ፣ የቀረው ሁሉ ከኋላ እየታጠፈ ይሰፋል። ልብስ ሰፊው ሲያጥፍ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው የታርታኑ፣ የባለ ቀለም መስመሩ ጨርቅ፣ ካሬ ከኋላም ሳይቋረጥ እንዲታይ አድርጎ ማጠፍ ነው። ሁለተኛው በየሽንሽኑ ጀርባ አንድ መስመር እንዲደጋገም ማድረግ ነው። ይሄኛው ከስኮትላንድ ክፍለ ጦሮች ጋር የተያያዘ ነው። ስትራመድ ሽንሽኑ ከፈት ሲል ሌላ ቀለም ብልጭ ይላል። እኔ ይሄኛውን እወዳለሁ።

አዲስ በእጅ የተሰፋ ብዙ መቶ ፓውንድ ነው። አቅሜ አይደለም። አሮጌ ልብስ የሚሸጥ የበጎ አድራጎት ሱቅ ውስጥ አንድ ጥቁር አረንጓዴና ሰማያዊ አገኘሁ። ስልሳ ፓውንድ። ወገቡ ትንሽ ሰፋኝ፣ ዘለበቶቹን አስነቅዬ አስጠጋኋቸው። በዚህ ብቻ ግማሹ ችግሬ ተፈታ።

ግማሹ ቀረ። ታርታን የየጎሳው መለያ ነው ይባላል፣ ይሄስ የማን ነው? «የማን ጎሳ ነህ?» ብባልስ? ይህ ጥያቄ ከአገር ቤት ጀምሮ ያስደነግጠኛል። ማንበብ ጀመርኩ። የገዛሁት ብላክ ዋች የሚባለው ነው፣ የመንግሥት ወታደሮች የለበሱት። ማንም ሰው ሳይሳቀቅ ይለብሰዋል። በአንጻሩ ባልሞራል የሚባለው ለንጉሣዊው ቤተሰብ የተተወ ነው። ከእነዚህ ውጭ ያለውን የሚያስከብር ፖሊስ የለም፣ ይሉኝታ ብቻ ነው።

ታሪኩ ደግሞ ከጠበቅሁት በላይ የተወሳሰበ ሆነብኝ። እ.ኤ.አ. በ1746 በከሎደን ጦርነት የስኮትላንድ ደገኞች አመፅ ከተሸነፈ በኋላ የለንደን ፓርላማ ደገኞቹ ይህን ልብስ እንዳይለብሱ በሕግ ከለከለ። ወታደር ሲሆኑ ብቻ ይፈቀድላቸዋል። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። ያኔ የአዘቦት ልብስነቱ ተዳክሟል። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኙ የድግሱ መሪ ደራሲው ዋልተር ስኮት ነበር። መኳንንቱ በየፊናው ታርታን ፍለጋ ተሯሯጠ። በ1842 ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች ከጥንታዊ ብራና አገኘነው ብለው የየጎሳውን ታርታን የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳተሙ። ብራናው ፈጠራ ነበር። ከዚያ ከተቀዱት ታርታኖች አንዳንዶቹ ዛሬም ይለበሳሉ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። ውሸት ነው በቃ፣ እንደፈለግሁ ልልበስ አልኩ። ግን ሂድና ለሙሽራው አባት ይህን ንገራቸዋ! አባታቸው ከእነዚያ ታርታኖች አንዱን ለብሰው ነው የተሞሸሩት። ብራናው ተጭበረበረ አልተጭበረበረ ለእሳቸው ምናቸውም አይደለም።

ነገሩ የገባኝ ነጠላን ሳስብ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መስቀለኛ ይጣፋል። እስክስታ ሲመጣ ወገብ ላይ ይታሰራል። ለቅሶ ላይ ጥለቱ ወደ ላይ ይዞራል። ያው አንድ ጨርቅ ነው። ግን ጥለቱን ወደ ላይ አዙረህ ሠርግ ብትሄድ ከጀርባ መጥታ የምትጎትትህ እናት አትጠፋም። የሙሽራው አባት ለእኔ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ልብሱ ያለ ቃል የሚናገረውን ሳላውቅ ነበር የለበስኩት።

ደግሞ ኪልትም እንደኛው የክት እና የአዘቦት አለው። እኔ ያወቅሁት በኪራይ ስለሆነ የክቱን ብቻ ነበር። ከዚህ የተነሳ ሁለት ወር ያህል ተሳሳትኩ።

ትልቁ ስህተቴ የአንድ ጓደኛዬ ልደት ላይ ነው። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ግቢ ውስጥ ሥጋ እየተጠበሰ። እኔ የማታ ድግስ ጃኬት፣ ሰደርያ፣ በላዩ ቀበቶ፣ ጸጉራም ስፖራን፣ ነጭ ካልሲ፣ ካልሲው ውስጥ ጩቤ። ስፖራን ማለት ከፊት የሚንጠለጠለው ቦርሳ ነው፣ ኪልት ኪስ የለውማ። ሰደርያ ከተለበሰ ቀበቶ እንደማይታሰር አላውቅም። የጓደኛዬ ሚስት አየችኝና «ቲኬት እንቁረጥ?» አለች። ሙዚየም መስዬ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ፈተና። ባህሌን ልቀላቅል አልኩና ትከሻ ላይ በሚጣለው ታርታን ፈንታ ጋቢ ጣልኩበት። በሐሳብ ደረጃ እንዴት ያምራል! መስታወት ፊት ግን ሁለት ሽማግሌ አንድ ወንበር ላይ የተጣሉ ይመስላል። ጋቢ ወፍራም ነው፣ ኪልት ወፍራም ነው፣ ሁለቱም «እኔን እዩኝ» ይላሉ። ተውኩት።

የሠራልኝ መቀነስ ነው። ብላክ ዋቹን ለበስኩ። ከላይ ከሰል የመሰለ ወፍራም ሹራብ። ከታች የሥራ ቡትስ፣ ወፍራም ካልሲ ቡትሱ ላይ ወርዶ። ቀላል የቆዳ ስፖራን። በቃ። ገበያ ሄድኩበት፣ ባቡር ተሳፈርኩበት፣ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። አለመታየቱ ደስ አለኝ። ኤድንብራ ውስጥ ሃዊ ኒኮልስቢ የሚባለው ልብስ ሰፊ ከዴኒምና ከቆዳ ኪልት ይሠራል። ኪልት የአዘቦት ልብስ ይሁን ባይ ነው። የዴኒሙ አልሳበኝም፣ ሱፉ ሲወዛወዝ የሚሰጠው ነገር ይጠፋብኛል። ሐሳቡን ግን ወስጃለሁ።

የማልነካቸው ሁለት ነገሮች አሉ፣ ከፍታና ርዝመት። ወገቡ እምብርት ላይ፣ ጫፉ ጉልበት ላይ። ቀጥ ብላችሁ ተንበርከኩ፣ ጫፉ መሬት ላይ ከተኛ ረዝሟል። እነዚህ ከተበላሹ ከላይ የሺህ ፓውንድ ኮት ብትደርቡ አያድናችሁም። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ለድርድር ክፍት ነው።

ቀለም ላይ ያገኘሁት ዘዴ ይህ ነው። ከታርታኑ ውስጥ ደብዘዝ ያለውን አንድ ቀለም እመርጥና ካልሲውን በእሱ አደርጋለሁ። የኔ አሁን የሣር አረንጓዴ ነው። ነጩን ካልሲ ለኪራይ ቤቶች ትቼላቸዋለሁ። የስፖራኑ ቆዳ ከጫማው ጋር ይሄዳል፣ ጥቁር ከጥቁር፣ ቡኒ ከቡኒ።

አለባበሱ ቅደም ተከተል አለው፣ ይህን ማንም አልነገረኝም። መጀመሪያ ካልሲና ጫማ። ኪልቱን ካሰርክ በኋላ ጎንበስ ማለት መከራ ነው። በተለይ ጊሊ ብሮግ ከሆነ፣ ያ ምላስ የሌለው ጫማ፣ ክሩ ቁርጭምጭሚት ላይ እየተጠማዘዘ ነው የሚታሰረው። ካልሲው ከጉልበት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይታጠፋል። ከዚያ ኪልቱ። የውስጠኛው ገጽ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ማሰሪያው በግራ በኩል ባለው ቀዳዳ ወጥቶ ዘለበት ውስጥ ይገባል። የላዩ ገጽ በቀኝ ይዘጋል። ስፖራኑ ከቀበቶው ሦስት አራት ጣት ዝቅ ይላል። ስትጨፍር ወደ ጎን ታዞረዋለህ፣ አለበለዚያ እየዘለለ ይመታሃል። ስትቀመጥ እጅህን ከኋላ አሳልፈህ ሽንሽኑን ትሰበስባለህ፣ እህቶቻችን ቀሚስ ለብሰው እንደሚያደርጉት። እኔ ይህን ሳልማር አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ስነሳ ሽንሽኑ እንደ ተጨማደደ ጋዜጣ ሆኖ ነበር።

ፒኑን ልብ በሉ። ከቀኝ በታች በኩል የሚሰካው ጌጥ የላዩን ገጽ ብቻ ነው የሚይዘው። እኔ «እንዳይከፈት» ብዬ ሁለቱን ገጾች አንድ ላይ ሰካሁ። ደረጃ ስወጣ ጨርቁ ተወጠረና ቀደድኩት። ትንሽ ናት፣ ግን እኔ ሁልጊዜ አያታለሁ።

ጩቤዋ፣ ስኪያን ዱ የሚሏት፣ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ቀኝ ካልሲው ውስጥ ነው የሚያስገባት። እዚህ አገር ሕጉ ከባህል ልብስ ጋር ይፈቅዳታል። አውሮፕላን ላይ ግን በእጅ ሻንጣ አትገባም፣ ጭነት ውስጥ ክተቷት። ለአዘቦት እኔ አላደርጋትም፣ ሹራብና ጩቤ አብረው አይሄዱልኝም።

«ከውስጥስ?» ለምትሉኝ፦ የራስህ ከሆነ እንደፍላጎትህ። የኪራይ ከሆነ ግን ክርክር የለም፣ ለሚቀጥለው ሰው እዘኑለት።

አሁን የያዝኩት ሙከራ ሸሚዝ ነው። አገር ቤት ያለች እህቴ አንገቱ ላይ ብቻ ቀጭን ጥለት ያለው ነጭ ሸሚዝ አሰፍታ ላከችልኝ። ጥለቱ አረንጓዴና ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ቀለሙን የታርታኑን ፎቶ አይታ ነው ያስመረጠችው። ከቡኒ ሰደርያ ሥር ስለብሰው አንድ ጣት ያህል ብቻ ብቅ ይላል። ከጋቢው መቶ እጥፍ ይሻላል። በነሐሴ አንድ የሐበሻ ሠርግ አለብን፣ እዚያ ልለብሰው አስቤያለሁ። እማዬ በቪዲዮ እያየች «ቀበቶውን አውልቀው» ብላለች።

ሠርጉ ሳይደርስ ግን ሌላ ሥራ አለብኝ። ክረምቱን ኪልቱን ያለ መሸፈኛ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅዬው ብል በልቶታል። ከኋላ፣ ሦስተኛው ሽንሽን ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ። የሱፍ ክር ገዛሁ። አረንጓዴው ትንሽ ደመቅ ይላል፣ ነገ ሌላ ሱቅ እሞክራለሁ።