1,200 ብዬ የጻፍኳቸው ልጆች

እናቴ ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር የምታነሳው ጥያቄ አለ። "እስቲ ዛሬ እንኳ በደንብ ንገሪኝ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?"

"የሰው ገንዘብ ተቀብዬ መድኃኒት ለሚሠሩ ትንንሽ ኩባንያዎች እሰጣለሁ።"

"በወለድ?"

"በወለድ አይደለም፣ ድርሻ እንይዛለን።"

"ካልተሳካላቸውስ?"

"አብዛኞቹ አይሳካላቸውም።"

ትንሽ ዝም ትልና፣ "ታዲያ ማን አምኖ ሰጠሽ?"

እውነቷን ነው። የሚሰጡን የጡረታ ፈንዶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ባለጸጋ ቤተሰቦች ናቸው። ገንዘቡ ለ10 ዓመት ያህል ይታሰርልናል፤ በተለመደው ውል በየዓመቱ 2 በመቶ ለሥራ ማስኬጃ እንወስዳለን፣ ከተገኘ ትርፍ ደግሞ 20 በመቶ። ቢሮአችን ከቦስተን ወንዝ ማዶ፣ ካምብሪጅ ውስጥ ኬንዳል ስኩዌር ነው። እኔ እዚያ የገባሁት ከላቦራቶሪ ነው፤ የባዮኬሚስትሪ ዶክትሬቴን ጨርሼ፣ ስለ ገንዘብ ከዕቁብ ያለፈ እውቀት ሳይኖረኝ።

የምሠራው ጥቂት ሰው ብቻ በሚይዙ በሽታዎች ላይ ነው፤ ይህን በአማርኛ ላስረዳ ስል የምሰናከለው ገና ከስሙ ነው። "ብርቅዬ በሽታ" ስል ለእኛ ሰው ድቅን የሚልበት ዋልያና ቀይ ቀበሮ ነው። እንግሊዝኛው ደግሞ መድኃኒቱን "የሙት ልጅ" ይለዋል፤ ገዢው ጥቂት ስለሆነ የሚያሳድገው ኩባንያ ያጣ ማለት ነው። አሜሪካ በ1983 ባወጣችው ሕግ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በአገሪቱ ከ200,000 ሰው በታች የሚይዝ በሽታ እዚህ ውስጥ ይገባል። መድኃኒት ያስጸደቀ ኩባንያ ለዚያ በሽታ ያንኑ መድኃኒት ሌላ እንዳይሸጥበት ለ7 ዓመት ይጠበቅለታል። ለሰው ሙከራ ካወጣው ወጪም ከፊሉ ከግብር ይቀነስለታል፤ መጀመሪያ ግማሹ ነበር፣ ከ2018 ወዲህ ሩቡ ነው።

ይህ ሕግ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያመጣ ያሳየው እዚሁ ቦስተን የተመሠረተው ጄንዛይም ነው። በ1991 ጎሼ ለሚባል ብርቅዬ የዘር በሽታ የጸደቀለት መድኃኒት ከሰው የእንግዴ ልጅ እየተጣራ የሚወጣ ኢንዛይም ነበር፤ በዚያ ጀምሮ በ2011 የፈረንሳዩ መድኃኒት አምራች ሳኖፊ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። እኔ ሥራ ስጀምር ታማሚ ያንሳል ብሎ የሚሰጋ ሰው ቢሮአችን ውስጥ አልነበረም። "ቢያንሱም ዋጋው ያካክሰዋል" ነበር ወሬው።

የመጀመሪያዬ ኩባንያ በ2018 መጣ። የበሽታውን ስም አልጽፍም፤ ታማሚዎቹ ከማነሳቸው የተነሳ እሱን መጥራት ኩባንያውን መጥራት ነው። ሕፃኑ ጤነኛ ሆኖ ይወለዳል፣ ይድሃል፣ ይቆማል፣ ሁለት ሦስት ቃል ይናገራል። ሁለት ዓመት አካባቢ ሲሞላው፣ አንድ ኢንዛይም ስለሚጎድለው በሴሎቹ ውስጥ መወገድ የነበረበት ነገር ይጠራቀምና የለመደውን ሁሉ አንድ በአንድ መርሳት ይጀምራል። ኢንዛይሙ በደም ሥር ቢሰጥ ወደ አንጎል አያልፍም። ስለዚህ መሥራቾቹ ጤነኛውን ጂን ኤኤቪ በሚባል ቫይረስ ላይ ጭነው አንዴ ብቻ ሊሰጡ አሰቡ።

ያሳመነኝ የአይጦቹ ቪዲዮ ነው። በምትሽከረከር ዘንግ ላይ ያልታከመችው አይጥ ሁለት ዙር ሳትሄድ ትወድቃለች፤ የታከመችው እንደ ጤነኛ እህቷ ትሮጣለች። ደጋግሜ አየሁት። ሰኞ ሰኞ የፈንዳችን አጋሮች ተሰብስበው ሲወስኑ እኔም የገበያውን ስሌት ይዤ ቀረብኩ። አንድ ጥናት ከ60,000 ውልደት አንድ ይላል፤ አሜሪካ በዓመት 3.6 ሚሊዮን ገደማ ሕፃን ይወለዳል፤ በዓመት 60 ልጅ። እስከ 20 ዓመት ይኖራሉ ብንል 1,200። ስሌቱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ገበታው ላይ በደማቅ ሰማያዊ ጻፍኩት። ማንም ከየት አመጣሽው አላለኝም።

ኩባንያው በዚያ ዙር ከባለሀብቶች የሰበሰበው 36 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ የኛ ድርሻ 12። እሱም አንዴ አይሰጥም። ቤት ያሠራ ሰው ይገባዋል፤ ለኮንትራክተሩ መሠረት ሲወጣ ይህን ያህል፣ ጣሪያ ሲመታ ይህን ያህል ይባላል እንጂ ሙሉው አይቆጠርለትም። እኛም 5 ሚሊዮኑን በፊርማ ዕለት፣ 7ቱን የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በሰው ላይ ሙከራ ሲፈቅድ አልን። ዛሬ ሳስበው ዋናው ጥፋት ይህች ዓረፍተ ነገር ናት። ኤፍዲኤ የሚያየው መድኃኒቱ በሰው ላይ ለመሞከር የማያሰጋ መሆኑን ነው፤ የሚሞከርበት ልጅ ፈልጎ አያመጣም። ፈቃዱ በ2020 መጣ፣ 7ቱ ሚሊዮን ተላከ፣ ሁሉም በየቤቱ ሆኖ በዙም ብርጭቆ አነሳ። ከዚያ በስድስት ወር ውስጥ የተገኘው ልጅ አንድ ነው።

ቦርዱ ላይ በታዛቢነት እቀመጥ ነበር። ሁሉም ጥፋቱን በኮቪድ ላይ ሲጥል ስልክ አንስቼ ይህን በሽታ ወደሚያክሙ 11 ሆስፒታሎች ራሴ ደወልኩ። ዶክተሮቹን ማግኘት ከባድ ነው፤ ቁጥሩን የሚያውቁት ደግሞ ነርሶቹና ስለ ዘር በሽታ ወላጆችን የሚያማክሩት ናቸው። "ስንት ልጅ አላችሁ? ዕድሜያቸውስ?" እያልኩ ኤክሴል ላይ ሞላሁ። ድምሩ 43። ሙከራው የሚቀበለው ከ4 ዓመት በታች የሆኑትን ስለነበር 14 ቀሩ። ከነሱ 5ቱ ቀድሞውኑ የኤኤቪ አንቲቦዲ በደማቸው ነበራቸው፤ ቫይረሱ በተፈጥሮም ሰውን ስለሚይዝ ቀድሞ ያገኘው ሰው ሰውነት ጂኑን ገና መንገድ ላይ ያጠፋዋል። 9 ቀሩ። ለሙከራው የሚያስፈልጉት 12 ነበሩ።

1,200ው ከየት መጣ? ጥናቱን ያን ጊዜ ነው ከርዕሱ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት። የተሠራው ዘመድ ከዘመድ ለትውልድ ሲጋባ በኖረበት አንድ ትንሽ አካባቢ ነው፤ ለዚያ ቦታ ልክ ነው። እኔ አገር ሙሉ አደረግኩት። እስከ 20 ዓመት ያልኩትም ብዙዎቹ የማይደርሱበት ዕድሜ ነበር።

በዚያው ሰሞን የወላጆች ዓመታዊ ስብሰባ ነበርና ሄድኩ። ሆቴል አዳራሽ ነው፤ ከኋላ ጋሪ የተደረደረበት፣ ከፊት እኛ በስላይድ የምናወራበት። የኩባንያው ሐኪም ዋናው መለኪያችን ልጁ በስድስት ደቂቃ ስንት ሜትር እንደሚራመድ ነው ሲል አንዲት እናት ከቦርሳዋ ማንኪያ አወጣች። እጀታው በስፖንጅ ተጠቅልሎ በፕላስተር ታስሯል፤ ስፖንጁ ላይ የትንንሽ ጥርስ ምልክት አለ። "ልጄ በራሱ እጅ የሚበላው በዚህ ነው" አለች። "ባለፈው ዓመት በቀጭኑ ይበላ ነበር። ከዚያ ይህን ሠራሁለት። አሁን ይህም እየወደቀበት ነው። እናንተ ስለ መንገድ ታወራላችሁ፣ ልጄ የት ሊሄድ ነው?"

አዳራሹ ሳቀ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። የስድስት ደቂቃው መለኪያ የተመረጠው ከሌሎች በሽታዎች ተቀድቶ፣ ኤፍዲኤ ያውቀዋል ተብሎ ነበር። እኛም ገንዘብ ስንሰጥ የበሽታው አካሄድ ሳይታከም ምን እንደሚመስል፣ ልጁ በስንት ዓመቱ ማንኪያ እንደሚጥል፣ በስንት ዓመቱ መዋጥ እንደሚያቅተው የተመዘገበ ነገር መኖሩን አልጠየቅንም። አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ላሳጥረው። ከየካቲት 2021 እስከ ግንቦት 2022 የባዮቴክ አክሲዮኖችን የሚከታተለው ኤክስቢአይ ከግማሽ በላይ ወረደ፤ ቀጣዩን ዙር የሚመራ ሰው ጠፋ። ኩባንያው በ2023 ተዘጋ። 12 ሚሊዮናችን ዜሮ ተብሎ ተጻፈ፤ ለዚህስ ፈንድ ቀድሞ ይዘጋጃል።

ያልተዘጋጀንበት ሌላ ነገር ነበር። እስከዚያ 6 ልጆች ታክመዋል። የኤፍዲኤ መመሪያ በኤኤቪ የታከመ ሰው እስከ 5 ዓመት እንዲታይ ይመክራል፤ ጂኑ ከሰውየው ጂኖም ጋር በሚቀላቀልባቸው ሕክምናዎች ደግሞ 15 ዓመት። በመዝጊያው ሒሳብ ላይ ለደመወዝ፣ ለኪራይ ውል ማፍረሻና ለጠበቃ መስመር አለ፤ ለልጆቹ ክትትል የሚል የለም። ያን ቀን የተናገርኩት ንግግር ከሥራ ሊያስባርረኝ ይችል ነበር። ባለድርሻዎቹ ተጨቃጭቀው 400,000 ዶላር ትተው አንድ ሆስፒታል ክትትሉን ተረከበ። አሁን ውል ስንፈራረም ይህ ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ኩባንያው ቢከስርም ሌላ አበዳሪ አይነካውም። አዳዲስ መሥራቾች ሲያነቡት ፊታቸው ይለወጣል፤ ገና ሳንጀምር ስለ ቀብር ታወራላችሁ ይላሉ። ዕድር ያለው ሕዝብ ልጅ ነኝ፣ አይከብደኝም።

ሁለተኛውን ኩባንያ በሌላ መንገድ ያዝኩት። ድርሻ ከመግዛታችን በፊት 150,000 ዶላር ለወላጆቹ ማኅበር ሰጥተን የታማሚዎች መዝገብ አስጀመርን፤ 18 ወር ፈጀ። ከአጋሮቹ አንዱ "ይህ ምጽዋት ነው እንጂ ኢንቨስትመንት አይደለም" ብሎኝ ነበር። ያሳመንኩት በብሪኒዩራ ነው፤ ሲኤልኤን 2 ለሚባል የልጆች የአንጎል በሽታ በ2017 የጸደቀ መድኃኒት። ውጤታቸው የተገመገመው ልጆች 22 ብቻ ነበሩ። ማነጻጸሪያ ተብሎ መድኃኒት የተከለከለ ልጅ የለም፤ የተነጻጸሩት ቀደም ሲል አካሄዳቸው ተመዝግቦ ከቆየ 42 ያልታከሙ ልጆች ጋር ነው። ያ መዝገብ ባይኖር 22 ልጅ ይዞ ኤፍዲኤ ፊት መቆም ዘበት ነበር። የኛም መዝገብ አሁን 60 ልጆች አሉት፤ ሁለተኛው ክፍያ የታሰረውም ሙከራው ሊቀበላቸው የሚችሉ 20 ልጆች በየሆስፒታላቸው ተለይተው በመታወቃቸው ላይ ነው።

ስለ ዋጋ የነበረኝ እምነትም ተሸርሽሯል። በ2012 አውሮፓ ያጸደቀችው ግሊቤራ የተባለች የጂን ሕክምና አንድ ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተተምኖ፣ ለገበያ ቀርቦ የታከመበት አንድ ሰው ሆኖ በ2017 ቀረ። ብሉበርድ ባዮ የተባለ ኩባንያ ሦስት የጂን ሕክምና አስጸድቆ፣ እያንዳንዱን ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ተምኖ፣ በ2025 የአንዱን ታካሚ ዋጋ አሥር ምናምን እጥፍ በሚያህል ገንዘብ ተሸጠ። ጸደቀ ማለት ተሸጠ ማለት አይደለም። ለሕፃናት ብርቅዬ በሽታ መድኃኒት ያስጸደቀ ከኤፍዲኤ የሚያገኘውን፣ ለሌላ ኩባንያ ሊሸጠው የሚችለውን የቅድሚያ ቫውቸርም (የሌላ መድኃኒት ማመልከቻ ቶሎ እንዲታይ የሚያደርግ መብት ነው) ከስሌቴ አውጥቻለሁ። በ2015 አንዱ 350 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል፤ ዋጋው ኋላ ወደ 100 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። በታኅሣሥ 2024 የፕሮግራሙ ጊዜ ሲያልቅ ኮንግረስ በጊዜው ሳያድሰው ሲቀር፣ ያን ገቢ እንደ ደመወዝ ቆጥረው የተቀመጡ ኩባንያዎች ምን እንደሆኑ አይቻለሁ።

አምና አዲስ አበባ የሕፃናት ሐኪም የሆነች የትምህርት ቤት ጓደኛዬ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከችልኝ። ወንድምና እህት ናቸው፤ ታላቅየው አይቆምም፣ ታናሿ ገና መንገዳገድ ጀምራለች። "ያንቺን በሽታ ይመስላል" አለችኝ፤ የኔ በሽታ። ደማቸው በወረቀት ላይ ደርቆ ጀርመን ላለ ላቦራቶሪ በፖስታ ተላከ። ሁለቱም ላይ ተገኘ። የሁለተኛውን ኩባንያ የሙከራ መስፈርት እንደማላውቀው ሁሉ ከፍቼ አነበብኩ። በየወሩ ሆስፒታሉ ድረስ መቅረብ የሚችል ይላል፤ ሆስፒታሉ ደግሞ እዚህ ነው። ቪዛ፣ ቤት፣ የእናትየው ሥራ እያልን አራት ወር ተሯሯጥን። ታናሿ በመሃል የዕድሜ ገደቡን አለፈች። መዝገቡ ላይ ግን አሉ፤ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ውጭ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች የነሱ ናቸው።

በየስድስት ወሩ አሁንም ራሴ እደውላለሁ። ባለፈው ሳምንት ለአንዲት ነርስ ደወልኩ፤ ከድምፅ ብቻ ነው የምንተዋወቀው። ፋይሌ ላይ ለሷ ሆስፒታል 3 ይላል። "እንደነበሩ ናቸው?" አልኳት። ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማኝ።

"አሁን ሁለት ናቸው" አለችኝ።

አመሰገንኳትና 3ቱን አጥፍቼ 2 ጻፍኩ።