የግመል እግርና የጅብ መንጋጋ፦ በካርቶን የምንማረው ሳይንስ

ልጆች በካርቶንና በኮላ እንስሳ ሲሠሩ ብዙውን ጊዜ የምናመሰግናቸው ሥራቸው እንስሳውን ስለመሰለ ነው። ጆሮው በልክ ከወጣና ቀለሙ ካማረ ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን። ይህ ለእጅ ቅልጥፍና ይጠቅማል፤ ሳይንስ ግን አያስተምርም። ሳይንሱ የሚጀምረው ልጁ የሠራው ነገር እንስሳው የሚሠራውን አንድ ሥራ ሲሠራና ልጁም «ይህ አካል ሌላ ቅርጽ ቢኖረው ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» የሚለውን ጥያቄ በገዛ እጁ መሞከር ሲችል ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ እኛ ቤት እንስሳውን ሙሉውን አንሠራም፤ አንድ እግር፣ አንድ ሻኛ ወይም አንድ መንጋጋ ይበቃናል።

ለድሬዳዋ ልጅ ከግመል የቀረበ መነሻ የለም። ጭነት ይዞ ወደ ገበያ የሚገባውን ግመል ሁሉም ያውቀዋል፤ እግሩን ልብ ብሎ ያየው ግን ጥቂት ነው። የፍየል ሰኮና ጠባብና ደረቅ ሲሆን የግመል እግር ሁለት ጣት ያለው፣ ከሥሩ ለስላሳና ሰፊ፣ ሲረግጥም ይበልጥ የሚዘረጋ ነው። ይህንን ለማሳየት ከወፍራም ካርቶን ሁለት ካሬ እንቆርጣለን፤ የአንዱ ጎን 3 ሴንቲሜትር፣ የሌላው 9 ሴንቲሜትር ይሆናል። በእያንዳንዳቸው ላይ ካለቀ ሶፍት የተረፈውን የካርቶን ቱቦ እንደ ቅልጥም አቁመን እናጣብቅና ደረቅ አሸዋ በተሞላ ሳፋ ላይ እናስቀምጣቸዋለን። ከዚያ ውሃ የተሞላ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ በየተራ እንጭንባቸዋለን፤ ልጁ እንዳይወድቅ ብቻ በጣቱ ደገፍ ያደርገዋል። ትንሹ ካሬ አሸዋው ውስጥ ይሰምጣል፤ ትልቁ ግን ጥቂት ዱካ ብቻ ትቶ ከላይ ይቆማል። ልጆቹ ሁለቱን ካሬዎች ለክተው አንዱ 9፣ ሌላው 81 ካሬ ሴንቲሜትር መሆኑን ሲያሰሉ፣ ያው ክብደት በ9 እጥፍ ስፋት ላይ እንደተከፋፈለ ራሳቸው ይደርሱበታል። «ግፊት» የሚለውን ቃል የምነግራቸው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቃሉ ቀድሞ ሲመጣ ይሸመድዱታል እንጂ አይገባቸውም። አሸዋውን በበጋ ከደቻቱ ወንዝ አምጥተን በባልዲ አስቀምጠነዋል። በክረምት ልጅ ወደ ደቻቱ እንዲወርድ ፈጽሞ አልፈቅድም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የወረደው ጎርፍ በዚህች ከተማ ያደረሰው አይረሳም።

ሻኛው ውስጥ ውሃ አለ የሚለው ወሬ ከአዋቂዎችም አፍ አይጠፋም። በውስጡ ያለው ስብ ነው፤ የሚገርመው ደግሞ ስቡ በመላ ሰውነቱ ከመዳረስ ይልቅ በአብዛኛው በአንድ ቦታ መከመሩ ነው። ሁለት እኩል ጣሳዎችን በእኩል መጠን ሞቅ ባለ ውሃ ሞልተን እንከድናለን። አንዱን በአሮጌ ሹራብ ዙሪያውን እንጠቀልለዋለን፤ በሌላው ክዳን ላይ ደግሞ ተመሳሳይ ሹራብ አጣጥፈን እንደ ሻኛ እንከምርበታለን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጣት ሲነከርባቸው የተጠቀለለው ሙቀቱን እንደያዘ ነው፤ ሻኛ ያለው ግን ቀዝቅዟል። በድሬዳዋ የቀን ሙቀት ልዩነቱ ስለማይጎላ ይህን የምንሠራው አመሻሽ ላይ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ክኑት ሽሚት-ኒልሰን የተባሉት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሰሃራ ባደረጉት ጥናት፣ ውሃ የጠማው ግመል የሰውነቱ ሙቀት ከ34 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ከፍና ዝቅ እንደሚል አሳይተዋል። ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት ያስወጣል፤ መላ ሰውነቱ በስብ ቢጠቀለል ኖሮ ይህ ይከብደው ነበር።

ልጆቼ አብልጠው የሚወዱት ግን ጅቡን ነው፤ ሐረር ሄዶ ማታ ጅብ ሲመገብ ያየ ልጅ ጥያቄው ማለቂያ የለውም። ሁለት የእንጨት ማስመሪያዎችን በአንድ ጫፍ በካላማዳሪ ቁራጭ አጥብቀን እናስራለን፤ የታሰረው የመንጋጋው ማጠፊያ፣ ክፍቱ የአፉ ፊት ነው። ከነልጣጩ ያለ የባቢሌ ኦቾሎኒ መጀመሪያ ክፍቱ ጫፍ አጠገብ፣ ቀጥሎ ማጠፊያው አጠገብ አስገብተን እንጫነዋለን። ጫፉ ላይ ትንሽ ልጅ ታግሎ ያቃተው ኦቾሎኒ ማጠፊያው አጠገብ ሲገባ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። የጅቡም አጥንት ሰባሪ ጥርሶች ከፊት ያሉት ሳይሆኑ ወደ ጎን ያሉት ወፍራሞቹ ናቸው። በእርግጥ የጅቡን መንጋጋ የሚስበው ከማጠፊያው ብዙም ያልራቀ ጡንቻ ሲሆን የእኛን የሚጫነው ግን ጫፉን የያዘው እጅ ነው፤ ይህን ልዩነት ሳልነግራቸው አላልፍም። ሆኖም ጥርሱ ወደ ማጠፊያው በቀረበ ቁጥር የሚያሳርፈው ኃይል የሚበረታ መሆኑ በሁለቱም አንድ ነው። ትልቋ ልጄ «እማዬ፣ ጠንካራ ቆሎ ሲገጥመን ወደ መንጋጋችን የምንገፋው ለዚህ ነዋ!» ስትለኝ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። የጅብ ዓይነ ምድር ሲደርቅ የሚነጣውም በፈጨው አጥንት ውስጥ ባለው ካልሲየም ምክንያት መሆኑን የጨመርኩላቸው ያኔ ነው። ኦቾሎኒ ለሕፃናት የመታነቅ አደጋ ስላለው ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅ ካለ ፍርፋሪው ወዲያው መነሳት አለበት።

ከቆርኪና ከሽቦ የሚሠሩት ሸረሪትና ጉንዳን ለትንንሾቹ ይበቃሉ። ሸረሪት 8 እግርና ሁለት የሰውነት ክፍል፣ ጉንዳን 6 እግርና ሦስት የሰውነት ክፍል አላቸው፤ ስለዚህ ለአንዱ ሁለት፣ ለሌላው ሦስት ቆርኪ ይበቃል። የጉንዳኑን እግሮች በሙሉ በመካከለኛው ቆርኪ፣ የሸረሪቱን ደግሞ በፊተኛው ላይ መትከል እንዳይረሳ፤ ብዙ የተዘጋጁ ሥዕሎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሽቦው ከመታጠፉ በፊትም ልጁ ግቢ ወጥቶ በሕይወት ያለ ጉንዳን አግኝቶ እግሮቹ ከየትኛው ክፍል እንደሚነሱ አይቶ ይመለስ።